ናፍጣ በቅንጡ መኪና ውስጥ፦ ጉልበቱና ዕዳው

እንግሊዛዊው የመኪና አምራች ቤንትሌይ ከተመሠረተበት ከ1919 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ባቀረባቸው መኪኖች ውስጥ የናፍጣ ሞተር አስገብቶ አያውቅም ነበር። በ2016 ግን «ቤንታይጋ» በተሰኘው ግዙፍና ውድ መኪናው ላይ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ባለ 4 ሊትር የናፍጣ ሞተር ገጠመ። ሞተሩ 435 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነውን መኪና ከቆመበት አስነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለማድረስ 4.8 ሰከንድ ይበቃው ነበር። ታንከሩ አንድ ጊዜ ከተሞላ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚያስኬድም አምራቹ አስታወቀ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2018፣ ይኸው መኪና ከአውሮፓ ገበያ ተነሣ።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ሞተሩ አልደከመም፤ የጉልበት ጉድለትም አልተገኘበትም። የተለወጠው ሰዎች ስለ ናፍጣ ጭስ የሚያደርጉት ሒሳብ ነው። ናፍጣን ለቅንጡ መኪና ተስማሚ ያደረገው ጠባዩና ከገበያ ያስወጣው ነውሩ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን ለማየት ወደ ሞተሩ ውስጥ ገባ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

ካንዴላ የሌለው ሞተር

በ1858 ከጀርመን ወላጆች ፓሪስ ውስጥ የተወለዱት መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ያሳሰባቸው ጉዳይ ብክነት ነበር። በዘመኑ የነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ከሚያቃጥሉት የድንጋይ ከሰል ኃይል ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጡት እጅግ ጥቂቱን ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ በከንቱ ይጠፋ ነበር። ዲዝል በ1897 በአውግስበርግ ከተማ ያስፈተኑት ሞተር ከነዳጁ ኃይል ከሩብ በላይ የሚሆነውን ወደ ሥራ ለወጠ። ይህ በጊዜው ተወዳዳሪ አልነበረውም።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። አየር በኃይል ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ ሲግል በጣቱ ዳስሶ ያውቀዋል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ቤንዚን ተቀላቅለው ከመጀመሪያ መጠናቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 እጥፍ ያህል ይታመቁና ካንዴላ በሚሰጠው ብልጭታ ይቀጣጠላሉ። ከዚህ በላይ ቢታመቁ ድብልቁ ያለጊዜው እየፈነዳ ሞተሩን ያንኳኳዋል፤ ውሎ አድሮም ይሰብረዋል። በናፍጣ ሞተር ግን በመጀመሪያ የሚታመቀው አየር ብቻ ነው። ከ14 እስከ 20 እጥፍ ድረስ የታመቀው አየር ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል፤ ናፍጣው በዚህ ፍም ውስጥ እንደ ጉም ሲረጭ ብልጭታ ሳይጠብቅ በራሱ ይነዳል።

ከዚህ ሁለት ጥቅም ይገኛል። በብርቱ የታመቀ ጋዝ መልሶ ሲለጠጥ ከሙቀቱ ብዙውን ክፍል ለፒስተኑ ያስረክባል። ሁለተኛው የአተነፋፈስ ጉዳይ ነው። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚቀንሰው የአየር መግቢያውን በከፊል በመዝጋት ስለሆነ፣ በዝግታ ሲነዳ አፍንጫውን ተይዞ እንደሚተነፍስ ሰው ይደክማል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ምንጊዜም በሙሉ ሳንባው ይስባል፤ ጉልበቱ የሚወሰነው በሚረጨው ናፍጣ መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ በሲሊንደሩ ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ትርፍ አየር ይኖራል። ይህን ትርፍ አየር አንባቢ ያስታውሰው፤ ኋላ ላይ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ አለ። የናፍጣ ደጋፊዎች ቁጠባውን በሊትር ሲቆጥሩ ጥቂት ያጋንኑታል። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን የበለጠ ክብደትና ከአሥር በመቶ በላይ የላቀ ኃይል አለው። ሲቃጠልም 2.6 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ የቤንዚን 2.3 ገደማ ነው። ስለዚህ ከቁጠባው አንዱ ክፍል የሞተሩ ብልሃት ሳይሆን የነዳጁ ውፍረት ነው። የቀረው ግን እውነተኛ ትርፍ ነው።

ከባድ መኪና፣ ዝምተኛ ጉልበት

ናፍጣ ሲባል ለብዙ ሰው በአእምሮው የሚመጣው የጭነት መኪና ነው። ቅንጡ መኪና የሚገዛ ሰው ታዲያ በናፍጣ ውስጥ ምን አየ? መልሱ ክብደት ነው። ወፍራም መስታወት፣ ድምፅ የሚያፍን ንጣፍ፣ በሞተር የሚንቀሳቀስ ወንበርና የአራት ጎማ ኃይል ሁሉ ተደምረው ቅንጡ መኪናን ከባድ ያደርጉታል። ባለቤቱ የሚፈልገው ደግሞ ይህ ሁሉ ክብደት ያለ ጩኸትና ያለ ትግል እንዲንቀሳቀስለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ዙር የሚገኝ የማሽከርከር ጉልበት፣ በኒውተን ሜትር የሚለካው፣ ነው። የናፍጣ ሞተር ያለጊዜው የሚፈነዳ ድብልቅ ስለሌለው በቱርቦ ብዙ አየር ቢታጨቅበት አይፈራም። የቤንታይጋው ሞተር 900 ኒውተን ሜትር የሚሰጠው ገና በደቂቃ 1,000 ዙር ላይ ሳለ ነው። ይህ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ከሚዞርበት ብዙም አይርቅም። ሾፌሩ እግሩን ጫን ሲያደርግ መኪናው ማርሽ ሳያወርድና ሳያጓራ ይፈተለካል። የጭነት መኪና ጠባይ በሐር ተጠቅልሎ ቀረበ ማለት ይቻላል።

መንገዱ ግን አጭር አልነበረም። መርሴዲስ ቤንዝ በ1936 «260 ዲ» የተባለውን መኪና ለሕዝብ ሲያሳይ 45 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ቀድመው የወደዱት የታክሲ ባለንብረቶች ነበሩ፤ ለእነርሱ የቀን ገቢያቸውን የሚወስነው የነዳጅ ወጪያቸው ነበርና። የናፍጣ መርሴዲስ ከታክሲ ጋር ያለው ወዳጅነት ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዘልቋል።

ወደ ላይኛው መደብ ያሸጋገረው ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ነው። ከ1978 ጀምሮ እያንዳንዱ አምራች በአሜሪካ የሚሸጣቸው መኪኖች አማካይ የነዳጅ ፍጆታ በሕግ ሲገደብ፣ መርሴዲስ ትልልቅ መኪኖቹን እየሸጠ አማካዩን የሚያወርድበት ዘዴ ያስፈልገው ነበር። በትልቁ የ«ኤስ» መደብ መኪና ላይ ቱርቦ ያለው ባለ አምስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ገጥሞ «300 ኤስዲ» በሚል ስም ለሰሜን አሜሪካ አቀረበ። ፈጣን አልነበረም፤ ግን አይሞትም ተባለለት። በዚያው ወቅት የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በችኮላ ያወጣው ባለ 5.7 ሊትር የናፍጣ ሞተር ግን ተቃራኒ ታሪክ ጻፈ። የ1980ው የካዲላክ ሴቪል መኪና ይህን ሞተር እንደ መደበኛ ሞተሩ ይዞ ነበር የወጣው። ቴስታታውን የሚያስሩት ብሎኖች የናፍጣን ግፊት አልቻሉትም፤ ውሃን ከናፍጣ የሚለይ ማጣሪያም አልነበረውም። ሞተሩ በ1985 ከምርት ሲወጣ የብዙ አሜሪካውያንን የናፍጣ ፍቅር ይዞ ሄደ። አሜሪካ ውስጥ የናፍጣ የቤት መኪና ዛሬም ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አውሮፓ በሌላ መንገድ ሄደች። ኦዲ በ1989 በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ፣ ናፍጣን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ባለ ቱርቦ ሞተር አቀረበ። በ1997 ደግሞ ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ አከማችቶ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍሎ የሚረጭ ዘዴ በአልፋ ሮሜዮና በመርሴዲስ መኪኖች ላይ ታየ። ናፍጣ አንድ ጊዜ በብዛት ተረጭቶ ሲነድ የሚሰማው ያ የታወቀ ኳኳታ፣ ቀድማ በምትረጭ ትንሽ ጠብታ ለሰለሰ። በ2006 የኦዲ የናፍጣ መኪና የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሲያሸንፍ በናፍጣ የተገኘ የመጀመሪያው ድል ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ ባለ 12 ሲሊንደር፣ 500 የፈረስ ጉልበትና 1,000 ኒውተን ሜትር ያለው የናፍጣ ሞተር በ«ኪው 7» ላይ ገጠመ። ለቤት መኪና ይህን ያህል ጉልበት ለምን እንዳስፈለገ ማንም በአጥጋቢ ሁኔታ ያስረዳ የለም።

መንግሥታትም ገፋፍተዋል። በጀርመን በአንድ ሊትር ቤንዚን ላይ የተጣለው የነዳጅ ታክስ 65.45 ሳንቲም ሲሆን በናፍጣ ላይ ግን 47.04 ነው። ልዩነቱ በዓመታዊው የመኪና ግብር በከፊል ይመለሳል፤ ለእያንዳንዱ 100 ሲሲ የቤንዚን ሞተር 2 ዩሮ፣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ 9.50 ዩሮ ይከፍላል። ባለ 3 ሊትር ሞተር ያለው ሰው በዚህ ስሌት 285 ዩሮ ይከፍላል፤ የቤንዚኑ ባለቤት 60 ብቻ። ብዙ የሚነዳ ሰው ግን ይህን በነዳጅ ማደያው ያካክሰዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከፍራንክፈርት ሙኒክ ለሚመላለስ የሥራ አስኪያጅ ናፍጣ ምቾትም ቁጠባም ነበር።

ከትርፍ አየሩ የወጣው መርዝ

አሁን ወደዚያ ትርፍ አየር እንመለስ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን በተራ ሁኔታ ከማንም ጋር የማይጣላ ጭምት ጋዝ ቢሆንም፣ እጅግ በጋለ እሳት ውስጥ ትርፍ ኦክስጅን ሲያገኝ ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይፈጥራል። የናፍጣ ሞተር ሁለቱንም፣ ብርቱ ሙቀትንና ትርፍ ኦክስጅንን፣ በአንድ ላይ ያቀርብለታል። ቁጠባውን የሰጠው ሁኔታ መርዙንም ይሠራል ማለት ነው።

የቤንዚን መኪና ይህንኑ መርዝ በጭስ ማውጫው ውስጥ በተገጠመ ማጣሪያ መልሶ ይበትነዋል። ይህ ማጣሪያ የሚሠራው ግን በጭሱ ውስጥ ትርፍ ኦክስጅን ከሌለ ብቻ ነው። በናፍጣ ጭስ ውስጥ ኦክስጅኑ ሞልቶ ስለሚተርፍ ዘዴው ከንቱ ይሆናል። መሐንዲሶቹ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ከተቃጠለው ጋዝ ጥቂቱን ወደ ሲሊንደሩ በመመለስ እሳቱን ያበርዱታል፤ እሳቱ ሲበርድ ደግሞ ናፍጣው በቅጡ ሳይነድ ይቀርና ጥቀርሻ ይበዛል። ናይትሮጅን ኦክሳይድን ሲጫኑት ጥቀርሻው ብቅ ይላል፤ ጥቀርሻውን ሲጫኑት ያኛው ይነሣል።

ለጥቀርሻው ማጥመጃ የሚሆን፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ማጣሪያ ተሠራለት፤ ሲሞላ እስከ 600 ዲግሪ ድረስ ግሎ ያጠራቀመውን ያቃጥለዋል። ለናይትሮጅን ኦክሳይዱ ደግሞ ዩሪያ መጣ። ለኢትዮጵያ ገበሬ ዩሪያ ማዳበሪያ ነው። 32.5 በመቶ ያህሉ በንጹሕ ውሃ ሲሟሟ ግን በአውሮፓ «አድብሉ» እየተባለ የሚሸጠው ፈሳሽ ይሆናል። በጋለው ጭስ ላይ ሲረጭ አሞኒያ ይወጣዋል፤ አሞኒያው ከናይትሮጅን ኦክሳይዱ ጋር ተገናኝቶ ተራ ናይትሮጅንና ውሃ ይሆናሉ። ዘዴው እውነተኛ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ተጨማሪ ታንከር፣ ፖምፓ፣ መርጫና መቆጣጠሪያ ይጠይቃል፤ ፈሳሹም ያልቃል። የቅንጡ መኪና ሻጮችን ያስጨነቃቸው ይህ ነበር፤ ያን ያህል ዋጋ የከፈለ ደንበኛ በየጊዜው ዩሪያ እየቀዳ እንዲሞላ፣ ወይም ለታንከሩ ሲባል የሻንጣ ቦታው እንዲጠብበት አልፈለጉም።

የአውሮፓ ኮሚሽን በሐምሌ 2021 ባሳለፈው ውሳኔ እንደገለጸው፣ ዳይምለር፣ ቢኤምደብሊውና የቮልስዋገን ቡድን ከ2009 እስከ 2014 ድረስ እየተገናኙ የአድብሉ ታንከር መጠንና በአንድ ሙሌት የሚያስኬደውን ርቀት በስምምነት ወስነዋል፤ ከሕጉ ግዴታ በላይ በማጽዳት አንዱ ሌላውን ላለመፎካከርም ተስማምተዋል። ቮልስዋገንና ቢኤምደብሊው በድምሩ 875 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጡ። ዳይምለር ጉዳዩን ለኮሚሽኑ የገለጠ በመሆኑ ከቅጣቱ አመለጠ። ይህ ክስ የውድድር ሕግን የሚመለከት እንጂ በፈተና ማጭበርበርን የሚመለከት አይደለም፤ ሁለቱ ሊምታቱ አይገባም።

የማጭበርበሩ ታሪክ የተጀመረው በአሜሪካ ነው። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ሦስት የናፍጣ መኪኖችን ከላቦራቶሪ አውጥተው፣ የመለኪያ መሣሪያውን ከኋላ ጭነው በካሊፎርኒያ መንገዶች ላይ ነዱአቸው። ሁለቱ የቮልስዋገን መኪኖች ከሕጉ ወሰን በብዙ እጥፍ የላቀ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲያወጡ፣ ከሁሉ ትልቁና ውዱ የሆነው የቢኤምደብሊው «ኤክስ 5» በአመዛኙ በወሰኑ ውስጥ ተገኘ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ናፍጣን ማጽዳት ይቻል ነበር፤ ወጪው ከተከፈለ። በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ቮልስዋገን መኪናው በፈተና ላይ መሆኑን እያወቀ ጭሱን የሚያጸዳ፣ መንገድ ሲወጣ ግን ማጽዳቱን የሚተው ሶፍትዌር መጫኑን ይፋ አደረገ። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ይህ ሶፍትዌር ነበራቸው። በኅዳር ደግሞ ክሱ ባለ 3 ሊትር ሞተር ወዳላቸው የኦዲ፣ የፖርሼና የቱዋሬግ መኪኖች ተሻገረ፤ ከወሰኑ እስከ 9 እጥፍ ያወጡ ነበር። ውርደቱ ቅንጡውን መደብ የነካው በዚህ ጊዜ ነው። ቮልስዋገንን ጉዳዩ ከ30 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አስወጥቶታል።

የሰው ዋጋውስ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ናይትሮጅን ኦክሳይድ የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፤ በአየር ውስጥም ወደ ደቃቅ ብናኝነትና ወደ ኦዞን ይለወጣል። «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት በ2017 የወጣ ጥናት፣ የናፍጣ የጭነትና የቤት መኪኖች ከተፈቀደላቸው በላይ ባወጡት ናይትሮጅን ኦክሳይድ ምክንያት በ2015 ብቻ 38,000 ያህል ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው መሞታቸውን ገምቷል። መኪናውን የሚነዳው ሰው የታሸገና የተጣራ አየር ይተነፍሳል፤ ጭሱ የሚደርሰው በእግረኛ መንገድ ላይ ጋሪ ለምትገፋው እናትና ከመንገዱ ዳር ለሚኖረው ተከራይ ነው።

ከተሞች ሲነሡ

በየካቲት 2018 በላይፕዚግ የተቀመጠው የጀርመን ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ከተሞች አሮጌ የናፍጣ መኪኖችን ከመንገዳቸው ሊያግዱ እንደሚችሉ ፈረደ። ሃምቡርግ ቀደመች። ከጥር 2019 ጀምሮ ደግሞ ሽቱትጋርት የ«ዩሮ 4» እና ከዚያ በታች ደረጃ ያላቸውን የናፍጣ መኪኖች አገደች። ሽቱትጋርት የመርሴዲስና የፖርሼ እናት ከተማ ናት፤ ኔካርቶር የተባለው የከተማዋ መንገድም ለዓመታት በጀርመን አየሩ እጅግ ከተበከለባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። ፖርሼ በመስከረም 2018 ዳግመኛ የናፍጣ መኪና እንደማይሠራ አስታወቀ፤ ቮልቮ የመጨረሻውን የናፍጣ መኪና በ2024 መጀመሪያ ሠራ። ነገሩን የሚያሳዝን የሚያደርገው፣ በዚህ ጊዜ የሚመረቱት አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች በመንገድ ላይም ሲለኩ በእርግጥ ንጹሕ መሆን መጀመራቸው ነው። እምነት ግን እንደ ማጣሪያ ተቃጥሎ አይታደስም።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ዕዳ ዛሬ ያረፈው በሁለተኛውና በሦስተኛው ገዢ ላይ ነው። አዲስ ሳለ እጅግ ውድ የነበረ የናፍጣ መኪና ዋጋው ሲወርድ፣ በአውሮፓ ለሚኖር ተራ ሠራተኛ የሚያጓጓ ይሆናል። የለንደንን ምሳሌ እንውሰድ። በከተማዋ የአነስተኛ ልቀት ቀጠና ውስጥ የናፍጣ መኪና ሳይከፍል የሚነዳው «ዩሮ 6» ከሆነ ብቻ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከመስከረም 2015 በኋላ የተመዘገበ ማለት ነው። ለቤንዚን መኪና ግን «ዩሮ 4» ይበቃል። ስለዚህ የ2006 ቤንዚን ቶዮታ በነጻ ሲያልፍ የ2013 ቅንጡ ናፍጣ በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። በዓመት 250 ቀን ለሚነዳ ሰው 3,125 ፓውንድ ነው። ቀጠናው ከነሐሴ 2023 ወዲህ የለንደንን ክፍለ ከተሞች በሙሉ ይሸፍናል።

በጋራዥ በኩል ያለው ወጪ ደግሞ ከአነዳድ ጋር የተያያዘ ነው። የጥቀርሻ ማጣሪያው የሚጸዳው መኪናው በቂ ጊዜ በፍጥነት ተነድቶ ጭሱ ሲግል ነው። ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ በሚመለስ፣ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ በሚነዳ መኪና ላይ ማጣሪያው ይታፈናል። ናፍጣ ለረጅም አውራ ጎዳና ተሠርቶ ለአጭር የከተማ ጉዞ የተገዛበት ቤት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አንዳንድ ጋራዦች ማጣሪያውን ቀድዶ ማውጣትን በርካሽ ዋጋ ያቀርባሉ፤ ይህ በአሜሪካም በብሪታንያም ሕገ ወጥ ነው፤ በብሪታንያ ከየካቲት 2014 ጀምሮ ማጣሪያው የወጣለት መኪና ዓመታዊውን ምርመራ አያልፍም። የነዳጁ ጥራትም የራሱ ድርሻ አለው። በአውሮፓ የሚሸጠው ናፍጣ በሚሊዮን ከ10 የማይበልጥ ድኝ ነው ያለው፤ ድኝ በበዛበት ናፍጣ እነዚህ ማጣሪያዎች ይበላሻሉ። የአውሮፓን አሮጌ ቅንጡ ናፍጣ ወደ አዲስ አበባ የመላክ ሐሳብ ከዚህ ችግር ጋር ይጋጭ ነበር፤ አሁን ግን ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስላገደች ጥያቄው በሕግ ተዘግቷል።

እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የ«ዩሮ» ደረጃውን፣ ቀጥሎም አምራቹ ያዘዘው የሶፍትዌር ማስተካከያ መደረጉን የሚያሳየውን መዝገብ ነው። ከዚያ የቀድሞው ባለቤት በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር፣ በምን ዓይነት መንገድ ይነዳ እንደነበር ይጠይቃል። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር በአውራ ጎዳና የሮጠ የናፍጣ መኪና፣ በከተማ ውስጥ 6,000 ብቻ ከነዳው ብዙ ጊዜ የተሻለ ጤና አለው።